ያልተደረሰበት ወደብ
(ለጥናት ክበቦች የቀረበ ጽሑፍ)

ከማኅበራችን አባላት መካከል በሽርሽር መርከብ ተሳፍሮ የሚያውቅ የለም። የስኮላርሺፑ ገንዘብ ከወር እስከ ወር ካደረሰን ተመስገን ነው። ስለዚህ «ለመዝናናት የወጣ መንገደኛ ወደብ አመለጠኝ ብሎ ቢቆጣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። መልሳችን አጭር ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። አንደኛው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ በሚሆንበት ጊዜ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከውሳኔው የሚመጣውን ኪሣራ ማን ይሸከማል፣ እውነተኛውንስ ምክንያት ማን ይናገራል የሚለው ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ቁጣው ከማይገባው ሰው ላይ ያርፋል፤ ሊጠየቅ የሚገባውም ሳይጠየቅ ይቀራል። ይህ መደባለቅ በመርከብ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከመካከላችን ሕክምና የምናጠና ሁሉ ነገ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንገናኘዋለን። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው እንነሣ። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. መርከብ ወደብ ሳይገባ የሚያልፈው ለምንድን ነው?

ዘመናዊ የሽርሽር መርከብ በውሃ ላይ የቆመ ረጅም ሕንፃ ማለት ነው። ርዝመቱ 300 ሜትር፣ ከውሃው በላይ ያለው ከፍታ 40 ሜትር የሆነ መርከብ ብንወስድ፣ ለነፋስ የተጋለጠው ጎኑ 12,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን ጎን በግምት በ70 ቶን ክብደት ያህል ይገፋዋል። ነፋሱ እጥፍ ሆኖ 20 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 290 ቶን ይጠጋል። ምክንያቱም የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ሰገነት ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ለሚይዝ ተሳፋሪ «ትንሽ ነፋስ» የሆነው ነገር፣ በጠባብ የወደብ መግቢያ መርከቡን ለሚያሾልከው ካፒቴን ሌላ ነገር ነው።

ወደብ ከገቡ በኋላም ቢሆን ነገሩ አያበቃም። በሜይ 2025 በሲሲሊ ደሴት በካታኒያ ወደብ ታስሮ የነበረው «ኖርዌጂያን ኤፒክ» የተባለ መርከብ በኃይለኛ ነፋስ ማሰሪያ ገመዶቹ ተበጥሰው ከመሬቱ ሲርቅ፣ መሸጋገሪያው ድልድይ ወድቆ አንድ ተሳፋሪ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ በሕይወት ወጥቷል።

ከዚህ በላይ የሚያስቸግሩት ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ የሌላቸው ቦታዎች ናቸው። በቺሊ ሥር ባለችው በኢስተር ደሴት፣ በግሪክ በሳንቶሪኒ፣ በፎክላንድ ደሴቶች በስታንሊ ትልልቅ መርከቦች ከባሕሩ ላይ ቆመው ተሳፋሪውን በትንንሽ ጀልባዎች ያመላልሳሉ። ከመርከቡ ወደ ጀልባው የሚደረገው አንድ እርምጃ ነው። ነገር ግን ጀልባው በሞገድ አንድ ሜትር ከፍ፣ አንድ ሜትር ዝቅ በሚልበት ጊዜ ለሰባ ዓመት አዛውንት ያ አንድ እርምጃ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። የዳሌ አጥንት ስብራት በዚህ ዕድሜ ምን ያህል ሰው እንደሚገድል ለሕክምና ተማሪ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ወደቡ በሚታለፍበት ሰዓት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም የሞቀ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ወጀብ የሚልከው ረጅም ሞገድ ነፋስ በሌለበት ባሕር ላይ ይደርሳል። ተሳፋሪው ፀሐዩን ያያል፤ ካፒቴኑ ሞገዱን ይለካል። የብዙ ጭቅጭቅ መነሻ ይህ ነው።

ለ. ውሳኔው የማን ነው?

ታይታኒክ በ1912 ከሰጠመች በኋላ፣ በ1914 በባሕር ላይ የሰውን ሕይወት ስለ መጠበቅ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ የሚሠራበት የ1974ቱ ስምምነት ነው። በምዕራፍ አምስት፣ ደንብ 34-1 ላይ የመርከቡ ባለቤት፣ ተከራዩም ሆነ ኩባንያው ወይም ሌላ ማንኛውም ሰው፣ ካፒቴኑ በሙያው አመዛዝኖ ለሕይወት ደኅንነት ያስፈልጋል ያለውን ውሳኔ እንዳይወስድ ሊከለክለው እንደማይችል ተደንግጓል። «ሌላ ማንኛውም ሰው» በሚለው ውስጥ ተሳፋሪውም አለበት። ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ቢጮህ እንኳ የሞገዱ ቁመት አይቀንስም። ስለዚህ ይህ በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ካፒቴን አይሳሳትም፣ አይጠየቅም ማለት አይደለም። ሁለት ምሳሌ እናንሣ።

በፌብሩዋሪ 2016 «አንተም ኦቭ ዘ ሲስ» የተባለው መርከብ ከ6,000 በላይ ሰው ይዞ ከኒው ጀርሲ ወደ ደቡብ ሲጓዝ፣ አስቀድሞ የተተነበየ ከባድ ወጀብ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዎች በየክፍላቸው ተዘግተው ሰዓታት አሳለፉ፤ መርከቡም አንድም ወደብ ሳይደርስ ተመለሰ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የከፈሉትን በሙሉ መለሰ፤ ለሌላ ጉዞ የሚሆን የግማሽ ዋጋ ቅናሽም ጨመረ። በዚህ ጊዜ የሕዝቡ ጥያቄ «ለምን ወደብ አስቀራችሁብን?» ሳይሆን «ትንበያው እያለ ለምን ወጣችሁ?» የሚል ነበር።

በማርች 2019 ደግሞ «ቫይኪንግ ስካይ» 1,373 ሰዎችን ይዞ ከትሮምሶ ተነሥቶ በኖርዌይ ጠረፍ ወደ ደቡብ ይጓዝ ነበር። በቡዶ ወደብ መቆም የነበረበት ቢሆንም በአየሩ ምክንያት ወደቡን ዘለለው። ጉዞውን ወደ ስታቫንገር ቀጥሎ፣ በ23ኛው ቀን ሁስታድቪካ በተባለው አደገኛ የባሕር ክፍል ውስጥ ሳለ ሞተሮቹ ጠፉ። በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደታወቀው፣ በሞተሮቹ ማለስለሻ ዘይት ጋን ውስጥ ያለው ዘይት አነስተኛ ስለነበር፣ መርከቡ በማዕበሉ ሲናወጥ ፓምፖቹ ዘይቱን መሳብ አልቻሉም። ከድንጋያማው ጥልቀት የለሽ ሥፍራ የቀረው ርቀት ከራሱ ከመርከቡ ርዝመት አይበልጥም ነበር። 479 ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ በሄሊኮፕተር ተነሡ፤ መርከቡም በማግሥቱ ሞልደ ወደብ ገባ።

ከሁለቱ የምንረዳው ምንድን ነው? ወደብ መዝለል በራሱ ደኅንነት አይደለም፤ ከብዙ ውሳኔዎች አንዱ ነው እንጂ። ትንበያውን ማንበብ፣ ዘይቱን መሙላት፣ መንገዱን መምረጥ ሁሉ አብሮ መሄድ አለበት። ባለሙያን መጠየቅ የሚገባውም በዚህ በሥራው ጥራት ነው፤ የተጠበቀውን ባለመስጠቱ አይደለም።

ሐ. ቁጣው ከየት ይመጣል?

የተቆጡትን «ቅምጥሎች ናቸው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጥናት ግን አይሆንም። ቁጣው ምክንያት አለው።

አንደኛ፣ ሰው ኪሣራውን የሚለካው ከያዘው ሳይሆን ከጠበቀው ተነሥቶ ነው። ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ ይበልጣል። ስድስት ወደብ የተነገረው ሰው አምስቱን ሲያይ «አምስት አየሁ» አይልም፤ «አንዱን አጣሁ» ይላል።

ሁለተኛ፣ ለጥቂት የቀረ ነገር ይበልጥ ያንገበግባል። በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ ሜዳልያ ያገኙ ስፖርተኞችን ፊት ያጠኑ ተመራማሪዎች በ1995 እንዳሳተሙት፣ ነሐስ ያገኙት ብር ካገኙት ይልቅ ደስተኞች ሆነው ታይተዋል። ብር ያገኘው ያመለጠውን ወርቅ ያስባል፤ ነሐስ ያገኘው ግን ያለ ሜዳልያ አለመቅረቱን ያስባል። ከተማዋን በዓይኑ እያየ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ፎቶግራፍ እያነሣ የሚመለስ ተሳፋሪ፣ ከሌሊቱ በፊት ከተነገረው ሰው የበለጠ የሚናደደው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ባዶ ምክንያት ያስቆጣል። ኤለን ላንገርና ባልደረቦቿ በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ የፎቶ ኮፒ ሰልፍ ላይ «አምስት ገጽ ስላለኝ ላስቀድም» ብሎ ከሚለምን ሰው ይልቅ «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» የሚል ትርጉም የሌለው ምክንያት የጨመረው ይበልጥ ተፈቅዶለታል፤ ከመቶ 60 የነበረው ወደ 93 ከፍ ብሏል። ገጹ 20 ሲሆን ግን ባዶው ምክንያት ምንም አልጠቀመም፤ በሁለቱም 24 ነበር። እውነተኛ ምክንያት ሲነገር 42 ደረሰ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለትንሽ ነገር የይስሙላ ምክንያት ይበቃል፤ ሰው ብዙ እንዲከፍል ሲጠየቅ ግን እውነተኛውን ይሻል። «በአየር ሁኔታ ምክንያት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በድምፅ ማጉያ ተናግሮ ዝም ማለት ከባዶው ምክንያት ወገን ነው።

አራተኛ፣ ኪሣራው ለሁሉም እኩል አይደለም። ለአንዱ የቀረው ወደብ አንድ የገበያ ቀን ነው፤ መጽሐፉን ይዞ ወንበሩ ላይ ይጋደማል። በ1982ቱ ጦርነት የሞተበትን ወንድሙን መታሰቢያ ለማየት ወደ ፎክላንድ ለተሳፈረ ሽማግሌ ግን ያ ወደብ ጉዞው ራሱ ነው፤ ተመልሶ ለመምጣት ዕድሜ ላይበቃው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ማስታወቂያ «ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» ብሎ ማሰናበት ሰውን አለማወቅ ነው።

መ. ትክክለኛው ቅሬታ የትኛው ነው?

የሽርሽር ኩባንያዎች የቲኬት ውል በአብዛኛው ወደብን ያለ ካሣ መቀየርም ሆነ መሰረዝ ይፈቅድላቸዋል። ተሳፋሪው የሚመለስለት የወደቡ ቀረጥና ከኩባንያው የገዛው የየብስ ጉብኝት ዋጋ ነው። ራሱ በግሉ የተዋዋለው አስጎብኚ ገንዘብ ግን ከእጁ ወጥቶ ሊቀር ይችላል። በ2019 መጸው «ኖርዌጂያን ስፒሪት» በመጥፎ አየር ምክንያት በርካታ ወደቦችን በዘለለ ጊዜ፣ ተሳፋሪዎች በመርከቡ አዳራሽ ተሰብስበው ገንዘባችን ይመለስልን ብለው ጮኹ። ኩባንያው ለሚቀጥለው ጉዞ የ25 በመቶ ቅናሽ አቀረበ። ይህም ማለት ቅር ያለው ሰው ካሣውን የሚያገኘው እንደገና ሲገዛ ነው።

በዚህ ላይ ጥርጣሬ ይጨመራል። በመርከቡ ላይ ያሉት ሱቆችና የቁማር ቤቶች ወደብ ላይ ሲደረስ በአብዛኛው ይዘጋሉ፤ ባሕር ላይ ሲዋል ግን ክፍት ናቸው። ይህ ካፒቴኑ ስለ ሞገዱ ዋሸ ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ዝም ያለ ኩባንያ መጠርጠሩ አያስገርምም።

በአውሮፓ ኅብረት የ2015ቱ የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ ሊታለፍ በማይችል ያልተለመደ ሁኔታ ለደረሰ ጉዳት አዘጋጁ ካሣ አይከፍልም። ነገር ግን ካሣና የዋጋ ቅናሽ ሁለት ናቸው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2023 በኮቪድ ምክንያት ስለተጓደለ ዕረፍት ሲፈርድ፣ ጥፋቱ የአዘጋጁ ባይሆንም መንገደኛው የዋጋ ቅናሽ ሊጠይቅ እንደሚችል ወስኗል። ከዚህ ተነሥቶ ለዘለለ ወደብ ሁሉ ገንዘብ ይመለሳል ማለት አይቻልም። ፍርዱ የሚያሳየን ሕጉም እንደኛ ሁለቱን ጥያቄዎች መለየቱን ነው። «አጥፍተሃል ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው፤ «ያልሰጠኸውን ዋጋ ለምን ትይዛለህ?» ሌላ ጥያቄ ነው።

ከጩኸቱ ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማም አሉ። ስድቡን ፊት ለፊት የሚቀበለው ውሳኔውን የሰጠው ካፒቴን ወይም ውሉን የጻፈው ኩባንያ ሳይሆን፣ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የቆመችው ልጅና ምግብ የሚያቀርበው አስተናጋጅ ነው፤ ብዙዎቹም ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ ለእንጀራ የወጡ ናቸው። በወደቡ በኩል ደግሞ መኪናውን አጥቦ የጠበቀው ሾፌር፣ ዕቃውን የዘረጋው ነጋዴ፣ ለቀኑ የተቀጠረው አስጎብኚ አለ። መርከቡ ሲያልፍ የቀን ገቢው አብሮ ያልፋል። ለእርሱ ቅናሽ የሚያቀርብለት የለም።

ሠ. ለእኛ ምን ይሰጠናል?

አንድ በሽተኛ ለቀዶ ሕክምና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጾሞ አደረ እንበል። ልጁ ከሥራው አስፈቅዶ መጥቷል። በማለዳ «ዛሬ አይደረግልህም» ይባላል። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሌሊት ትኩሳት ይዞት ከሆነ፣ ይህ የካፒቴኑ ዓይነት ውሳኔ ነው፤ ቢያለቅስም ቢሳደብም አይለወጥም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚተኛበት የጽኑ ሕሙማን አልጋ ስለታጣ ከሆነ ግን የአስተዳደር ጉድለት ነው፤ ጉድለቱም በስሙ መጠራት አለበት። ይህን ሁለተኛውን «ለአንተው ደኅንነት ብለን ነው» ብሎ መሸፈን አልጋ ለሌለው ሆስፒታል ጥብቅና መቆም ነው። ሐኪሙ ነገ ስለ እውነተኛው ትኩሳት ሲናገር የሚያምነው አያገኝም። የባለሙያ ሥልጣን የሚጸናው «ለደኅንነት» የሚለውን ቃል ለደኅንነት ብቻ ሲያውለው ነው።

መጥፎ ዜና አነጋገርን በተመለከተ በ2000 በካንሰር ሐኪሞች የቀረበው ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ ይጠቅመናል። ቦታ ማመቻቸት፣ በሽተኛው የሚያውቀውን መጠየቅ፣ ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ ማወቅ፣ በግልጽ ቋንቋ መንገር፣ ስሜቱን መቀበል፣ ቀጣዩን አብሮ ማቀድ ናቸው። ከስድስቱ መናገር አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ይኸው ለካፒቴኑም ይሠራል። ነፋሱ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የወደቡ ወሰን ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደተሞከረ፣ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን የተነገረው ተሳፋሪ ያዝናል፤ እንደተናቀ ግን አይሰማውም።

በአጭሩ፣ በውሳኔው ጸንቶ ምክንያቱን መግለጥ እንጂ፣ ምክንያቱን ደብቆ ለጩኸት ውሳኔን መለወጥ አይበጅም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በድምፅ ብልጫ ሊወሰኑ የማይገባቸው ጉዳዮች የትኞቹ ናቸው? በማኅበራችን ሥራ ውስጥስ ይኖራሉን?
2. ባለሙያን የሚጠይቀው ማን ነው? ሕዝቡ፣ ሕጉ ወይስ የሙያ ባልደረቦቹ?
3. «ለደኅንነት» የሚለው ቃል ለሌላ ጉድለት መሸፈኛ ሲሆን በምን እናውቀዋለን?
4. መርከቡ ሲያልፍ ለሾፌሩና ለአስጎብኚው የቀን ገቢ ማን ኃላፊ ሊሆን ይገባል?