በሳምንት አንድ ቀን ብቻ

አዲስ አበባ ሀና ማርያም ውስጥ ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋት የነቃች ሴት ፍርዷ አንድ ነው፤ ብርድ መታኝ። ጋቢ ትደርባለች፣ እጇን ለብ ባለ ውሃ ትነክራለች፣ የጎረቤት ልጅ በቅባት ታሻታለች። ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ስለሚችል ግምቷ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለውን የመጋጠሚያ በሽታ ብርድ አያመጣውም፤ ጋቢም አይመልሰውም።

ለመጠርጠር የሚያበቃው ምልክት እጅ ላይ በግልጽ ይታያል። ጠዋት የሚገትረው እጅ ለመፍታታት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የሚያብጠው የእጅ አንጓና ጣት ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ጥፍር አጠገብ ያለው መጋጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ቀኝ ሲያብጥ ግራም ያብጣል። ይህ ስድስት ሳምንት ካለፈው ከጤና ጣቢያ ሪፈር መጠየቅ ይገባል። በሽታው ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ድካሙና ክብደት መቀነሱም የበሽታው አካል እንጂ ስንፍና አይደለም።

ከውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። መጋጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል ይህን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም ልስልሱን አጥንትና ዋናውን አጥንት ይበላል። የተበላ አጥንት በመድኃኒት አይመለስም። ዋናው ጉዳት የሚጀምረውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ ከወጌሻ ወጌሻ የሚባክነው ጊዜ በጣም ውድ ነው።

ሌላው ጊዜ የሚበላው ከሪህ ጋር መምታታቱ ነው። ዩሪክ አሲድ ትንሽ ከፍ ስላለ ብቻ ሥጋ አቁሚ ተብላ የምትመለስ ሴት ብዙ ናት። የወር አበባዋ ያልቆመ ሴት ግን ሪህ የሚይዛት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የደም ምርመራውም ብቻውን ዳኛ አይሆንም። አር.ኤፍ የሚባለው በቲቢና በጉበት ቫይረስም ከፍ ይላል፤ ከአምስት ሕሙማን በአንዱ ያህል ደግሞ በሽታው እያለ ምርመራው ነጻ ይላል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ በሽታውን የበለጠ ያመለክታል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው የሩማቶሎጂ ሐኪም ግን ከወረቀቱ በፊት የሚያየው እጅን ነው፤ ከሀና ማርያም መካኒሳን አልፎ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ በታክሲ መሄዱ ለዚህ ሲባል አይቆጭም።

ሕክምናው ላይ ሰው የሚሳሳተው ፈጥኖ የሚያሽለውን መድኃኒት እንደ ዋናው ስለሚቆጥር ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሣሉ፤ አጥንቱ መበላቱን ግን አያስቆሙም፣ ሲበዙም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ተአምር ይመስላል። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒት የሆነውን ኮርቲዞን ፊሊፕ ሄንች የተባለ ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ለአንዲት ታማሚ ሰጣት። ከአልጋ መውረድ ያቃታት ሴት በሳምንት ውስጥ ገበያ ወጣች። ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር በ1950 ኖቤል ተሸለመ። ውሎ ሲያድር ግን ሕሙማን ፊታቸው አበጠ፣ አጥንታቸው ሳሳ፣ ስኳራቸው ጨመረ። ዛሬ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎንን በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ፣ ዋናው መድኃኒት እስኪይዝ ድረስ ብቻ ይሰጡታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዙ ለዓመታት መዋጥ የሄንችን ዘመን ስሕተት መድገም ነው። ረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ጠበል ልግባ ብሎ በአንድ ቀን ማቆምም የለበትም፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ረስቷልና ሕይወቱን ሊያሰጋ ይችላል። ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። መመሪያውን ያነበበ የቤተሰብ አባል "ይሄኮ የካንሰር ነው" ብሎ ይደነግጣል። እውነት ነው፣ ለካንሰርም ይሰጣል፤ ያኔ ግን መጠኑ እጅግ ብዙ ነው። ለመጋጠሚያ የሚሰጠው በሳምንት ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም ነው። እንክብሉ አብዛኛውን ጊዜ 2.5 ሚሊግራም ስለሆነ 10 ሚሊግራም የታዘዘላት ሴት አራቱን በአንድ ቀን ትውጥና እስከ ሳምንቱ ትቆያለች። በየቀኑ መዋጥ የአጥንት መቅኔን ያደርቃል፤ በዚህ ስሕተት የሞቱ አሉ። ስለዚህ የሚዋጥበት ቀን ስም፣ ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ተብሎ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ከእራት በኋላ ቢሆን ማቅለሽለሹ በእንቅልፍ ያልፋል፤ ለጿሚም ይመቻል። በባዶ ሆድ የማይስማሙት ፕሬድኒሶሎንና ማስታገሻዎቹ ናቸው፤ ስለ እነሱ ሐኪምንም የንስሐ አባትንም ማማከር ነው።

ሜቶትሬክሴት ለመሥራት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ አይሠራም ብሎ። ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ሲጨመርበት የአፍ ቁስሉና ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ በየሁለት ሦስት ወሩ ይደረጋል። አረቄና ጠጅ ጉበቱን ያደክማሉ። ለጉንፋንም ለተቅማጥም በቀላሉ የሚሸጠው ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ አደገኛ ስለሆነ ታማሚዋ ማንኛውም ፋርማሲ ስትገባ ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ ማለት አለባት። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ነው።

ሜቶትሬክሴት ብቻውን ካልበቃ ሰልፋሳላዚን ወይም ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይደረባል፤ ሁለተኛው ዓይን ያስመረምራል። ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች ዋጋቸው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ቢገኙም ተኝቶ የቆየ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ አስቀድሞ የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው።

የቤት ሥራውም የሕክምናው ክፍል ነው። ያበጠ እጅ እርጥብ ብርድ ልብስ እየጠመዘዘ ሲጨምቅ አንጓው ይጎዳል፤ ሳይጨመቅ ገመድ ላይ ቢሰጣ ውሃው ራሱ ይንጠፈጠፋል። ጀሪካን በጣት ከማንጠልጠል ትንሽ ትንሽ መቅዳት፣ ሙቀጫውን ለልጆች ወይም ለወፍጮ ቤት መተው ይሻላል። አክንባሎ በአንድ እጅ አይነሣም፣ በሁለት ነው እንጂ። ሕመሙ ጋብ ባለ ቀን መንቀሳቀስ ግን ያስፈልጋል፤ ጡንቻ ከሰነፈ መጋጠሚያው ደጋፊ ያጣል። ፊቷን ሳትታጠብ አምስት ሰው የሚጠብቃት እናት ይህን ሁሉ ብቻዋን አትችለውም፤ ባልም ልጅም ምጣዱ አጠገብ ይቁም።

ልትወልድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ሜቶትሬክሴት ጽንስን ይጎዳል፤ ከማርገዝ ወራት አስቀድሞ መቆም አለበት፣ በምትኩም ለእርግዝና የሚስማሙ አሉ። ሜቶትሬክሴት ከገበያ ሲጠፋም ከማለቁ በፊት ሐኪሙን ጠይቆ መቀየር ይሻላል። የመዋጫው ቀን ቢረሳ በሁለት ቀን ውስጥ ከታወሰ ይዋጥ፤ ከዚያ ካለፈ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ፣ መጠኑ ግን በምንም ምክንያት እጥፍ አይደረግ።