ለሞተር ጠጋኙ የእህቴ ልጅ

የእህቴ ልጅ፣ ቢሾፍቱ ገብተህ የአየር ኃይል የሞተር ጥገና ልትማር ነው አሉኝ። እናትህ አዲስ ዘመን ከተማ ገበያ ላይ ይዛኝ «እባክህ አንድ ነገር በለው» ብላለች። እንዳትሄድ እንድልህ ነበር የፈለገችው፤ እኔ የምልህ ግን ሌላ ነው።

1. አብራሪ ባለመሆንህ አትከፋ። በጣራ ገዳም አናት የሚያልፈውን አውሮፕላን ስናይ የምናስበው መሪ የያዘውን ነው፤ ሌሊቱን ሞተር ሲፈታ ያደረውን የሚያስታውስ የለም። ልመደው።

2. «ይበቃል» የሚባል ልኬት የለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የፖርቶ ሪኮ የአየር ዘብ ሲ-130 አውሮፕላን ከአሜሪካዋ ሳቫና ተነስቶ አሪዞና ሊሄድ ነበር፤ ከ50 ዓመት በላይ አገልግሎ ጡረታ ሊወጣ። የአንደኛው ሞተር ዙር እንደሚያስቸግር አስቀድሞ ታውቋል። ጠጋኞቹ ግን ዙሩ የሚፈለገውን ሳይሞላ «ተሠርቷል» አሉ። ለመነሳት ሲንደረደር ዙሩ ዋዠቀ፤ ከመሬት እንደለቀቀ የበረራ ሠራተኞቹ ሞተሩን አጠፉት። አብራሪው ወደሞተው ሞተር፣ ወደ ግራ ዞረ፤ የጅራቱን መሪም በተሳሳተው እግር ረገጠ። አውሮፕላኑ ተገልብጦ አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 9 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት አብራሪው ላይ አደረጉ። ልክ ናቸው። በእኔ ፍርድ ግን ያ ሰው የወደቀው ሌሎች ባወጡለት ፈተና ነው።

3. ሳቫና የባሕር ጠረፍ ናት፤ አየሯ ወፍራም ነው። ቢሾፍቱም ባሕር ዳርም ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፣ አውሮፕላኑም ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ሌላ አገር የሚታለፍ ጉድለት እኛ ዘንድ አይታለፍም።

4. ሞተር ሁሉ በጠጋኝ ጥፋት አይሞትም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። ሊያርፍ ሲመለስ ኃይላቸው ከዳው፤ ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈና እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። እና አንተ ከሞተሩ ቀና ብለህ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳም እይ፤ የፈሰሰ እህል፣ የቆመ ውሃ፣ የተከመረ ቆሻሻ ወፍ ይጠራል። «የእኔ ሥራ አይደለም» አትበል፣ ተናገር።

5. በዓይንህ ያላየኸውን አትፈርም። ጓደኛህ «እኔ አይቼዋለሁ» ቢልህ እሱ ይፈርም። አለቃህ ቢቸኩል «ጌታዬ፣ ዙሩ አልሞላም» በለው። ቢቆጣህም መዝገቡ ላይ ጻፈው፤ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የነገርከውን ሰው ማዕረግ ጭምር።