ፊልም ቤት ውስጥ ለምታጥቡ፦ እጃችሁን አደራ!

ባለ 4 በ5 ኢንች ጥቁርና ነጭ ፊልም ብዙ ጊዜ በድቅድቅ ጨለማ፣ ትሪ ውስጥ በእጅ እየተገላበጠ ነው የሚታጠበው። እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ እጁ ነው። ብዙ ዴቨሎፐሮች ሜቶልና ሃይድሮኪኖን አላቸው፤ እነዚህ ቆዳን ያስቆጣሉ። አለርጂ አንዴ ከጀመረ ደግሞ በትንሽ ንክኪም ያገረሻል፤ ቅባት ብቻውን አይፈታውም።

ስለዚህ፦

- የናይትራይል ጓንት አድርጉ፤ ከተቀደደ ወዲያው ቀይሩት።
- ጨለማ ክፍል ዝግ ስለሆነ አየር ማውጫ ይኑረው። የፊክሰር ጋዝ አስም ሊቀሰቅስ ይችላል።
- ኬሚካሉን በሃይላንድ አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።
- ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እጠቡና ሐኪም ጋ ሂዱ።
- ከተዋጠ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ዕቃውን ይዛችሁ ቶሎ ጤና ተቋም ድረሱ።

እጃችሁ ላይ የማይለቅ ሽፍታ ካለ፣ "ፊልም አጥባለሁ" ብላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።