ብርድን በደጅ ስለ ማስቀረት

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ስለዚህ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። በተከራየነው የጭቃ ቤት የምናድር ተማሪዎች ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሙቀት ምን አገባው የሚል ወንድም ቢኖር፥ ብርድ ፋኩልቲ አይለይም ብዬ እመልስለታለሁ።

ብዙዎቻችን ሲበርደን የምናስበው ከሰል መጨመርን ነው። ነገር ግን ቀዳዳው ያልተደፈነ ክፍል ማሞቅ በተነደለ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፥ ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል? የሚለው ነው።

1ኛ፤ በጣራ በኩል። የሞቀ አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያም ቆርቆሮውን ያገኛል። ቆርቆሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ፥ ከውጭው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። መድኃኒቱ ኮርኒስ ነው። አቡጀዴ ወይም የታጠበ ማዳበሪያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሮ ሲመታ፥ በላዩ የማይንቀሳቀስ አየር ይቀራል። ብረት እንዲህ ካለው አየር ከ1,000 ጊዜ በላይ አብልጦ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ ብርዱን የሚከለክልልን ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ ያገተው አየር ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ኮርኒሱን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

2ኛ፤ በበር በኩል። ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ከሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቢሆን፥ ክፍተቱ 160 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይኸውም በግድግዳው ላይ የእጅ መዳፍ ከነጣቱ የሚያህል ቀዳዳ ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። የአሮጌ ሱሪ እግር ቆርጦ፥ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ሞልቶና ሰፍቶ ከበሩ ሥር ማጋደም ይበቃል።

3ኛ፤ በግድግዳ ስንጥቅ በኩል። ከኮርኒሱና ከተለጠፈ ጋዜጣ አርቆ፥ የበራ ሻማ በግድግዳው አጠገብ ቀስ ብሎ ማሳለፍ ነው። ነበልባሉ በተጋደመበት ሥፍራ ነፋስ አለ። ስንጥቁን በውሃ አርሶ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ መምረግ፥ ደርቆ ሲሰነጠቅም መድገም ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ክፍሉን በሚገባ ከደፈነ በኋላ፥ የከሰል ማንደጃውን አስገብቶ በሩን ዘግቶ ማጥናት ጀመረ። ጎረቤቱ ክብሪት ሊዋስ ገብቶ ራሱን ስቶ ባያገኘው ኖሮ፥ ለፈተናው ባልደረሰም ነበር። የፋመ ከሰል ጭስ ስለ ሌለው ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሰውም ሳይታወቀው ይታፈናል። ቀዳዳ ያለው ክፍልም ቢሆን ዋስትና አይሆንም።

እንግዲህ ቤቱን የደፈነ ሰው ከሰሉን ከደጅ ይተወው፤ ጧት ጧትም መስኮቱን ከፍቶ አየሩን ይለውጥ። ለከሰል የወጣው ገንዘብ በአንድ ሌሊት ዐመድ ይሆናል፤ ኮርኒሱ ግን ለከርሞም ይጠቅማል።