ደረቁ ወንዝ ለምን ይሞላል?

የድሬዳዋው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ሰውም ከብትም በእግሩ ይሻገረዋል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ግን በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ።

ውሃው ከየት መጣ? በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነው። በድርቅ የደረቀ፣ ዛፍና ሣር ያጣ መሬት ዝናቡን ቶሎ አይጠጣም። ውሃው ቁልቁል ይንደረደራል።

እላይ ያላችሁ ገበሬዎች፣ በተዳፋቱ ላይ እርከን ሥሩ። ውሃው ለማሽላችሁ ይቀራል፤ ቆላ ያለውም ሰው ይተርፋል።

ቆላ ያላችሁ ደግሞ፣ ፀሐይ ቢሆንም ተራራውን እዩ። ከጠቆረ ልጆችንና ከብቶችን ከአሸዋው ቶሎ አውጡ። «እኛ ጋ መች ዘነበ?» የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት። ውሃው ከመጣ በኋላ ለፍየል ብላችሁ እንዳትመለሱ።