ቢጫ ካርድ የያዘ ባለሀብት እና 0.6 ሊትር ዘይት

ትንሹ አቃቂ ወንዝን ተከትሎ ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ ለወረደ ሰው፣ በሕንፃና በመጋዘን መሀል የጎመን፣ የቆስጣና የሰላጣ መደቦች ብቅ ይላሉ። ማሳው ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ትራክተር አይዞርበትም፤ በከተማ መሀል በሬ ማዋልም ጣጣው ብዙ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ባለሞተር የጓሮ ማረሻ ልላክ ቢል አይፈረድበትም።

የማስገቢያው ወረቀት ከሚፈራው ይቀላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (በተለምዶ ቢጫ ካርድ) የያዘ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መብቶች ተሰጥተውታል፤ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012ም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት እንዲቆጠር በር ከፍቶለታል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ወስኗል። የተመረጠው ዕቃ ከቀረጥ ነፃ በሆኑት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ሳይጫን በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚባክነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጉምሩክ በኋላ፣ ሞተሩ ሥራ ሲጀምር ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በብዙ ትንንሽ ማረሻዎች ላይ የሚገጠመው የሆንዳ ጂኤክስ 160 መመሪያ በየ300 ሜትሩ ጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይናገራል። ሒሳቡ ሲሠራ፣ ከ4.8 የፈረስ ጉልበት ሩብ ያህሉ ላፍቶ ላይ የለም ማለት ነው። ይህም ካርቡራተሩ ለከፍታ ከተስተካከለ ነው። ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበልጥና ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጅም ይበላል። ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር የካርቡራተር ማስተካከያ ስለሚመከር፣ እሱን ከሞተሩ ጋር ማዘዝ ይሻላል። የተስተካከለውን ሞተር ሳይመልሱ መተሐራ ወርዶ ማሠራት ደግሞ ሞተሩን አግሎ ሊያቃጥለው ይችላል። ላፍቶ ላይ ዝናብ የጠጣ ኮትቻ አፈር ስለሚጠብቅ፣ በጉልበት አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መምረጥ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው አቧራ ነው። በበጋ ደርቆ የሚቦነው አፈር በዲፑራተሩ (በአየር ማጣሪያው) በኩል ከገባ ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላል። መመሪያው በየ50 ሰዓቱ ይጸዳ ቢልም፣ አቧራ ሲበዛ ሥራው ባለቀ ቁጥር ከፍቶ ማየት ይሻላል። ስፖንጁ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ይነከርና ትርፉ እስኪወጣ ይጨመቃል። የወረቀቱ ክፍል በቀስታ ይረገፋል እንጂ አይታጠብም። ዲፑራተሩን አውልቆ «እንዲነፍስ» ማሠራት አንዳንድ መካኒክ የሚወደው አቋራጭ ነው፤ በእሱ የሚተርፈው ጉልበት በሞተር ዕድሜ ይከፈላል።

ዘይት ርካሹ ጥገና ነው። አዲስ ሞተር መጀመሪያ በ20 ሰዓት ወይም በወሩ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየርለታል። በቀን አምስት ሰዓት ለሚያርስ ማሽን 100 ሰዓት ማለት 20 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ጂኤክስ 160 የሚፈልገው 0.6 ሊትር፣ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። የሚፈስሰው ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ነው፤ ልኩም ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ መለኪያው ሳይጠመዘዝ ገብቶ ይታያል። ካንዴላው በ100 ሰዓት ይፈተሻል፤ የጫፎቹ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የቫልቭ ክፍተት በ300 ሰዓት ለባለሙያ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ሰዓት ካልተመዘገበ ከንቱ ነው። ከዕቃው ጋር የሚሄደው ምርጥ ስጦታ ደብተር ነው፤ አሽከርካሪው የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት፣ የቀዳውን ነዳጅ ይጽፍበታል። በየወሩ የገጹ ፎቶ በስልክ ይላካል። ማሽኑ ለጎረቤት የሚከራይ ከሆነ ደብተሩ የሒሳብ መዝገብም ይሆናል። ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ባለሁለት ጎማ ትራክተርን ሲያስተዋውቅ የተከተለው መንገድም እያከራየ የሚያገለግል ባለማሽን ማፍራት ነበር።

ብራንድ ሲመረጥ የሶማሌ ተራን የመለዋወጫ ሱቆች መጠየቅ ከማስታወቂያ ይበልጣል። በመስኖ ፓምፕና በጄኔሬተር ላይ የሚገኘው ዓይነት ሞተር ካለው ማረሻ፣ ካንዴላም መካኒክም ቅርብ ነው። ነዳጁም ይታሰብበት፤ ማረሻ እንደ መኪና ማደያ አይሰለፍም፣ በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ገደብ ስለሚደረግበት የሠፈሩን ማደያ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ለወራት የሚቆም ማሽን ቤንዚኑ ከታንክም ከካርቡራተርም ይፈስሳል፤ አለበለዚያ ያረጀው ነዳጅ ቀዳዳውን ደፍኖ በጥቅምት አይነሳም። ከዚያ ማስነሻ ገመዱ እስኪከብድ ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ቫልቮቹ በዚያ ቦታ ስለሚዘጉ የክረምቱ እርጥበት ሲሊንደሩ ውስጥ አይገባም።