ለሒሳብ መርማሪ የሚሰጥ ቁልፍ

በደባርቅና በዳባት ገበያ ገብስና ባቄላ የሚነግድ ሰው የዓመቱ ሒሳብ ሲመረመር ደብተሩን በመርማሪው ፊት ይዘረጋል እንጂ የካዝናውን ቁልፍ አያስረክብም። ሒሳቡን በክላውድ፣ ማለት በሩቅ አገር ባለ የኩባንያ ኮምፒዩተር በኪራይ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ግን ይህን መልካም ልማድ ሲዘነጋው ይታያል። ኦዲተሩ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ መግቢያ ሲጠይቀው፣ ሥራው ይፋጠን በማለት የባለቤትነቱን ሥልጣን እንዳለ ይሰጠዋል። በዚህ ሥልጣን ሰነድ መሰረዝና የመዝገቡን አያያዝ መለወጥም ይቻላል። መርማሪው የሚመረምረውን ነገር ሊለውጥ ከቻለ ምርመራው ምን እምነት ይጣልበታል? ይህም ሰውየውን ከመጠርጠር የመጣ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅ ጥፋቱ በእርሱ ላይ እንዳይወድቅ መጠበቂያው ነው።

ለምሳሌ በጉግል ክላውድ፣ ማን የትኛውን አሠራር እንደ ለወጠ የሚናገረውን መዝገብ ለማንበብ «ሎግስ ቪውወር» የተባለው ሥልጣን ይበቃል። ማን የትኛውን ሰነድ እንደ ከፈተ የሚናገረው መዝገብ ግን የሰዎች የግል ጉዳይ ሊገኝበት ስለሚችል «ፕራይቬት ሎግስ ቪውወር» የተባለ ሌላ ሥልጣን ይጠይቃል። ለዘወትር ምርመራ የፊተኛው ይሰጣል። የኋለኛው ለታወቀ ጉዳይና ለተወሰነ ቀን ብቻ ቢሆን ይሻላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን ጉዳይ ያለ ምክንያት ለሌላ ማሳየት ቀላል ነገር አይደለምና። ሁለቱም ሥልጣኖች ማንበብን እንጂ መሰረዝን አይፈቅዱም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በጊዜው ነው። የአሠራር ለውጥ መዝገብ ለ400 ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሆነ ድርጅት ኦዲተሩ በጥቅምት ቢመጣበት፣ ያለፈው ዓመት የሐምሌና የነሐሴ መዝገብ አይገኝም። የሰነድ ንባብ መዝገብ ደግሞ አስቀድሞ ካልታዘዘ በአብዛኛው አይጻፍም፤ ቢጻፍም ጊዜው ካልተራዘመ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከዓመቱ መጀመሪያ አስቀድሞ መዝገቡ ወደ ሌላ ማኅደር እየተቀዳ እንዲቀመጥ፣ የማኅደሩም ጊዜ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ባለሙያውን ማዘዝ ይገባዋል። ለኦዲተሩም የሚከፈተው ይህ ማኅደር ብቻ ነው፤ ምርመራው ሲፈጸም ስሙ በዚያው ቀን ይሰረዛል።